ሹራብ የለበሰው ቀፎ

ወንድም ጋሼ፣

እየሮጥኩ ነው፤ ነገ ማታ እመለሳለሁ።

ከብርዱ የተረፉት ንቦቻችን ሁለት እፍኝ አይሞሉም። አበባው እስኪፈነዳ ድረስ የስኳር ውሃቸውን ጠዋት ጠዋት ቀይርላቸው። የቀፎውን በር ያጠበብኩት እኔ ነኝ፣ እንዳትነካው! የጎረቤት ንቦች ማር ሊዘርፉ ሲመጡ እነዚህ ሚስኪኖች ሰፊ በር መጠበቅ አይችሉም።

ደግሞ በየቀኑ ክዳኑን እያነሳህ «እንዴት አደራችሁ» ማለትህን ተው። ጨዋነትህ በብርድ ሊፈጃቸው ነው።

ትናንት ቤቱን እያተራመስክ የፈለግከው አዲሱ ሹራብህ አልጠፋም።

ቀፎው ለብሶታል።

እያወቅኩ አብሬህ አልጋ ሥር የመፈለጌን ነገር... ስመለስ እንነጋገርበታለን።

ንግሥቲቱ ሞቋት እንቁላል መጣል ጀምራለች። ላውልቀው ካልክ ግን መብትህ ነው።

ያኔ «እንዴት አደራችሁ» ማለት ይፈቀድልሃል፤ ከብርዱ ተርፎ ያደረ ከተገኘ።

እህትህ