ከልጄ አንድ ጨዋታ ለማሸነፍ

ማክሰኞ፣ ጥር 6፤ ጠዋት 3፡00

አራት ተጫወትኩ። ሦስቱን ተሸነፍኩ፤ በአራተኛው ሰውዬው ራሱ ጥሎ ወጣ። እሱን ድል ብዬ አልጽፍም። የሚጽፉ አሉ።

አንተ ደብተር፣ አትሳቅ። የስድሳ አንድ ዓመት መበለት፣ የጌም ኮንትሮለር ጨብጣ። ስክሪኑ ላይ ሁለት ሰው ይደባደባል፣ አንዱን እኔ፣ ሌላውን በኢንተርኔት የማላውቀው ሰው ያዘዋል፤ ቀድሞ የወደቀ ተሸነፈ። እኔ ባለ ዱላውን ሽማግሌ መርጫለሁ። ቀርፋፋ ነው፤ ግን እንደ ጎረምሶቹ አይቅበጠበጥም።

ምክንያቱን ታውቃለህ። የባለቤቴ የሰባት ዓመት ተዝካር የካቲት 9 ነው። የመጨረሻው። ልጄ ሜሮን በአርባውም በሙት ዓመቱም አልመጣችም። ለገና ሌክውድ ቤቷ ሄጄ ስለምናት ሳቀች። «ማሚ፣ በዚህ ጌም አንድ ማች ካሸነፍሽኝ እመጣለሁ። ፕሮሚስ!» ቀልዷን ነው። እኔ ግን አሮጌ የጌም ማሽኗን ተሸክሜ አውሮራ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሐሙስ፣ ጥር 8

ትናንት ስድስት ሽንፈት። የሚያስጠላኝ ሽንፈቱ አይደለም፤ የሰዉ ወሬ ነው። የተሸነፈ ሁሉ ስክሪኑ ላይ ይጽፋል፤ ኔትዎርኩ ነው፣ ኮንትሮለሩ ነው፣ አንተ አጭበርባሪ ነህ። ሺህ ጊዜ ተጫውተው ሺህ ጊዜ ያችኑ ስህተት። ጉድጓዱን እያወቁት ይገባሉ፣ ከዚያ መሬቱን ይረግማሉ። አላዝንላቸውም።

እኔ ማንበብን ማንም አላስተማረኝም። በቃሌ የማውቀውን ዳዊት ገልጬ፣ በጣቴ እየተከተልኩ፣ ይቺ ድምፅ ይቺ ፊደል ናት እያልኩ ነው። የእንግሊዝኛውን ከመድኃኒት ብልቃጥ። አሁንም እንደዚያው። የተሸነፍኩበትን ሪፕሌይ፣ ማሽኑ የቀዳውን ጨዋታ፣ እከፍታለሁ፣ አዘገየዋለሁ፣ ጣቴን ስክሪኑ ላይ አደርጋለሁ። የት ጋ ሞትኩ? ሁሌም አንድ ቦታ። ሰውዬው ሲዘል እደነግጥና ያገኘሁትን ቁልፍ ሁሉ እደቁሳለሁ።

ስለዚህ ለዚህ ሳምንት አንድ ነገር ብቻ። ሲዘል ብሎክ፤ መመከት ብቻ። ብሸነፍም ብሎክ። በተከታታይ ሁለት ከተሸነፍኩ ማሽኑን አጠፋለሁ። ሦስተኛው የንዴት ነው፤ በንዴት የተማረ አላየሁም።

እሑድ፣ ጥር 18፤ ከቤ/ክ መልስ

ወ/ሮ አስካለ፣ አዳራሹ ሁሉ እየሰማ፦ «እንዴ፣ ልጅሽ ዘንድሮስ ብቅ ትላለች? ያ ጌም የሚሉት ሰይጣን እኮ ነው የነጠቀሽ! ያኔውኑ ነግሬሽ ነበር።» ቦርሳዬን ወደ ደረቴ አስጠጋሁ። ዝም ማለት እችልበታለሁ።

ቦርሳዬ ውስጥ የስህተት ደብተሬ አለ። ከትናንት በስቲያ በጌሙ ከነሐስ ደረጃ ወደ ብር መውጣቴ ተጽፎበታል። እሷ በሠላሳ ዓመት ከሐሜት ወደ የትም አልወጣችም።

አዎ፣ ነግራኛለች። የጠበሉን ሃይላንድ ያነሣሁት ግን እኔ ነኝ።

ማክሰኞ፣ ጥር 27፤ ጠዋት 4፡30

ብሎኩን አሁን እጄ ሳላዘው ያደርገዋል። አዲሱ ትምህርት፦ ከብሎክ በኋላ አንድ ምት፣ ከዚያ ወደ ኋላ። ስግብግብ ሁለተኛ ይሞክራል። እጠብቀዋለሁ። ዛሬ አምስት አሸነፍኩ። አንዱ «ኔትዎርኬ ነው እንጂ አንተ አታሸንፈኝም» ብሎ ሰደበኝ። የራሱን ጥፋት ሌላ ላይ የሚለጥፍ ሁሉ

እዚህ ላይ እስክሪብቶዬ ቆመ። አንድ ሰዓት ሆነው።

ልጻፈው። ሜሮን አሥራ ስድስት ነበረች። ቅዳሜ ውድድር ነበራት፤ ከቤት፣ በያኔው ማሽኗ። ስድስት ወር ተዘጋጅታለች። ያኔ ማንበብ አልችልም፤ ስክሪኑ ላይ ያለው ሁሉ የጠንቋይ ጽሕፈት ይመስለኝ ነበር። ዓርብ፣ ትምህርት ቤት ሳለች፣ አንድ ሃይላንድ ሙሉ ጠበል በስመ አብ ብዬ ማሽኑ ላይ አፈሰስኩ። በርቶ ነበር። ጢስ ሲወጣ ሰይጣኑ ለቀቀ ብዬ እልል አልኩ። እልል! ደንቆሮ።

ባለቤቴ ደርሶ አየ። ለልጅቱ፦ «ተናድጄ ሻይ ደፋሁበት» አላት። ለእኔ ጓዳ ውስጥ፦ «ተዪው። እኔን ብትጠላ ይሻላል።» ተውኩት። እሷ አባቷን ማናገር አቆመች፤ እሱ ዝም እንዳለ ሞተ፤ እኔም ተውኩት። ኔትዎርኩ ነው የሚሉት ከእኔ ይሻላሉ። ኔትዎርክ ልጅ የለውም።

እሑድ፣ የካቲት 2፤ ማታ 1፡00

ከሌክውድ መመለሴ። ሶፋዋ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። አምስት ማች ስጪኝ አልኳት። ኋላ ስህተቴን ላጠና ስክሪኑም እጃችንም እንዲታይ ስልኬን ከአበባ ማስቀመጫው አስደግፌ ቀረጻ ከፈትኩ፤ በዚህ ደግሞ ሳቀች። ሦስቱን በላችኝ። ግን በዘለለች ቁጥር ብሎክ ሳደርግ ዞራ አየችኝ። «ዌይት፣ ማሚ! ማነው ያስተማረሽ?» ማንም፣ አልኳት።

አራተኛውን አሸነፍኩ! ጮኸች፣ አቀፈችኝ፣ እሺ እመጣለሁ አለች። አውቶቡስ ውስጥ ብቻዬን ስስቅ ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 3፤ ጠዋት

ቀረጻውን አየሁ። አዘግይቼ፣ በጣቴ። ሦስት ማች ሙሉ ብሎክ ስታደርገው የነበረውን የዱላ ምት፣ በአራተኛው በደረቷ ተቀበለችው። አውራ ጣቷ ይታያል። ከቁልፉ ላይ አንሥታዋለች።

ለቀቀችልኝ። አባትየውም እንዲሁ ነበር። ሰው ለእኔ ሲል ይሸነፋል፣ እኔ ያሸነፍኩ እየመሰለኝ እልል እላለሁ።

ይህንንም ድል ብዬ አልጽፍም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8፤ ጠዋት 4፡10

ለነገ የጎደለውን ልንገዛ ፒዮሪያ ስትሪት ልትወስደኝ ትመጣለች። ወስኛለሁ። ከመውጣታችን በፊት እነግራታለሁ። ነገ ተዝካሩ ላይ የምትቆም ከሆነ አባቷን አውቃ ትቁም። ከእኔ ጋር መቆም ካልፈለገች ብቻዬን ከወ/ሮ አስካለ ጋር እቆማለሁ፤ እሱም ቅጣት ነው።

ንግግር አልችልበትም። ስለዚህ አንድ ሃይላንድ ጠበል ጠረጴዛው ላይ፣ ከማሽኑ አጠገብ አስቀመጥኩ። አንድ ነገር ብቻ፦ ስትጮህ አልደነግጥም። ባለቤቴ ነው፣ አስካለ ናት፣ አላዋቂነቴ ነው አልልም። የመጀመሪያዋን ቃል ይዣለሁ፦ ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

መኪናዋን ፓርክ አደረገች። ደረጃውን እየወጣች ነው። በሩን ልክፈትላት።