የሰበካው ብርድ ልብስ

ለምወድህ ወንድሜ ለኢኖክ፣

ከባሕር ማዶ ሰላምታዬ ይድረስህ። አንተ እንዴት ነህ? ሱዛናስ ደህና ናት? ልጆቹን የአውስትራሊያ ፀሐይ ተስማማቸው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ? እኔና ልጄ ሄቲ አለን። የሚቀጥለውን ግን ቁጭ ብለህ አንብበው፤ እማማ ባለፈው ሳምንት ዐረፈች።

ቤተ ክርስቲያኑ በብርዱ ወራት ለእኛ ለፋብሪካ ሰዎች ብርድ ልብስ እንደሚያውስ ታውቃለህ። ዘንድሮ አዲስ ደንብ መጣ፤ የተዋሰ ሰው አንድ እሑድ ከቀረ ይወሰድበታል። ቄሱ፣ ሠራተኛው ከእግዚአብሔር ስለራቀ ልናቀርበው ነው ይላሉ። እንዳንሸጠው ደግሞ መሀሉ ላይ የሰበካውን ትልቅ ማኅተም መትተውበታል። እማማን ታውቃት የለ፣ «ማኅተሙን ወደ እግሬ አድርጊው፤ ቄሱን አፍንጫዬ ሥር አላስተኛም» ብላ አሳቀችን።

የቤተ ክርስቲያኑን የፊት ወንበር ባለፋብሪካዎቹ በገንዘብ ስለተከራዩት እኛ የምንቀመጠው ከኋላ፣ በሩ ሥር ነፋሱ ላይ ነው። የእማማ ሳል እዚያ ባሰ። አንድ እሑድ ደም ስትተፋ ጥያት መሄድ አቃተኝና ቀረሁ። ሰኞ ከሥራ ስገባ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ተልካ ቤት ለቤት እየዞረች የምትቆጣጠረን ወይዘሮ ታክሊ ብርድ ልብሱን ከእማማ ላይ ገፍፋ ስታጥፍ ደረስኩ። እግሯ ላይ ወደቅሁ። «የኔ ልጅ፣ ለአንቺ ብዬ ባልፈው እኮ እሑድ በመጣ ቁጥር ሰፈሩ ሁሉ ይታመማል» አለችኝ። እማማም ተኮራምታ «በደንብ ይጠፉት እመቤቴ፣ ቁንጫዬ እንዳይወድቅብዎ» አለቻት።

ትተኸው የሄድከውን አሮጌ ካፖርትህን ደረብኩላት፤ አልበቃትም። ሐሙስ ጠዋት ልቀሰቅሳት ስነካት እጇ ደርቋል።

ቅዳሜ ቀበርናት። ወይዘሮ ታክሊ መጥታ አለቀሰች፤ ከልቧ ነው ያለቀሰችው፣ እሱ ነው ይበልጥ የሚያንገበግበኝ። ከቀብር ስንመለስ ያንኑ ብርድ ልብስ ይዛ ደጄ ቆማለች። ለቀብሩ ጸሎት ቤተ ክርስቲያን ስለተገኘሽ የቀረሽበት እሑድ ተሰርዞልሻል አለችኝ።

ፊቷ ላይ ልወረውረው ነበር፣ ኢኖክ። ግን ሄቲም እንደ እማማ መሳል ጀምራለች። ተቀበልኳት። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ብዬም እጅ ነሳሁ።

ሱዛናን አቅፈህ ሳምልኝ። ትልቁን ልጅህን ቶማስን፣ ያላየኋትንም ሕፃን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳምልኝ፤ አያታችሁ ስማችሁን እየጠራች ነው የሞተችው በላቸው። ሄቲ ለአጎቴ ሰላም በይልኝ ብላ ተኝታለች፤ ማኅተሙን ወደ እግሯ አድርጌላታለሁ። ነገ እሑድ ነው፤ ማልደን እንሄዳለን።

እህትህ ኬዚያ
ኦልድሃም፣ ጃንዋሪ 28 ቀን 1871