ሾርባ የሚጠጣው ኮት

ለምወድሽ ልጄ፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽን ያምሽ የነበረው ተሻለሽ ወይ? ባልሽስ ደህና ነው? ትንሿ ልጅሽስ ትምህርት ቤቱን ለመደችው? እኔ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ዓይኔን ከማስቸገሩ በቀር ደህና ነኝ፤ ስፌቱም ንባቡም እንደ አቅሜ ይሄዳል። የናፍቆቱን ነገር አላነሳውም፤ ካነሳሁት ወረቀቱ ያልቅብኛል።

እይ ብለሽ የላክሽልኝን አጫጭር ፊልሞች አየኋቸው። ስልክ ጠጋኙ ጎረቤታችን ከፈተልኝና ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ቆሞ አብሮኝ አየ። ድሮ «ካርቱን እሠራለሁ» ስትዪኝ ካርቶን መስሎኝ፣ ልጄ ካርቶን ፋብሪካ ገባች እያልኩ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰፈሩ ሳወራ እንደነበር መቼም አትረሺውም። ባለሱቋ ዛሬም ካርቶን በከፈተች ቁጥር «ይሄ የልጅሽ የእጅ ሥራ ይሆን?» እያለች ትስቅብኛለች።

በአንደኛው ፊልም ላይ የአሮጊቷን ሰው ሠራሽ ጥርስ ሳይ ሳቄ አምልጦኝ መርፌ ወጋኝ። ብርጭቆ ውስጥ ሆኖ ከባለቤቱ ጋር ሲጨቃጨቅ ኖሮ፣ ቀብሯ ላይ ብቻውን ሄዶ ከሰው ሁሉ በላይ ሲያለቅስ! ስልክ ጠጋኙ «እማማ፣ ይሄ ያስቃል ወይስ ያስፈራል?» አለኝ። «ሁለቱንም፤ አንተ ብቻ ጥርስህን ያዝ» አልኩት። ሰውን በኪሎ ሳይሆን በዋሸው ውሸት የሚመዝነው ሊፍትም ጥሩ ነው፤ ሁሉም ሰው ሊያየው ይገባል። እኔን ቢያገኘኝ ግን ምድር ቤት ያስቀረኝ ነበር። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ።

አንቺ ራስሽ የሠራሽውን ፊልም ግን ብቻዬን አየሁት። የሞተው ሰውዬ ኮት በየቀኑ ከሥራ ይመለሳል፤ ሚስቱ ወንበር ስባ ታስቀምጠውና ሾርባ ታቀርብለታለች፤ ሾርባው በእጅጌው በኩል ወለሉ ላይ ይፈሳል። እሷም እጅጌውን ትሰፋለች። እዚያ ላይ ቆመ። «መጨረሻው ጠፍቶብኛል፣ በልጅነቴ የሣልኩት ሥዕሎቼን የማኖርበት ካርቶን ውስጥ ነበር፣ ምናልባት ከዝናቡ የተረፈ ካለ ፈልጊልኝ» አልሽኝ።

ልጄ፣ ዝናብ አልገባበትም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ። አባትሽ ያረፈ ሰሞን አክስትሽ ሥዕሎቹን አይታ፣ ሰው በተሰበሰበበት «ይቺ ልጅ በአባቷ ሞት ትቀልዳለች» አለች። አፈርኩ። አንቺ ትምህርት ቤት ሳለሽ ካርቶኑን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። ስትመለሺ ዝናብ አበሰበሰው ብዬ ዋሸሁሽ። አላለቀስሽም፤ «እርሳሴስ አለ ወይ?» ብቻ ነበር ያልሽኝ። ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር። ያቺ ጥያቄሽ ይኸው እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣችም።

እየቀለድሽ እንዳልነበረ አሁን ነው የገባኝ። ያኔ በየማታው የሱን ሳህን የማቀርበው፣ የቀዘቀዘውንም መልሼ የማነሳው እኔ ነበርኩ። ታዪኝ ነበር ለካ።

ግን እያንዳንዱን ወረቀት አይቼ ነው እሳት ውስጥ የጨመርኩት። ዐሥራ አንድ ነበሩ። የመጨረሻው ላይ ሴትየዋ ኮቱን ራሷ ለብሳዋለች። ትልቅ ሆኖባታል፤ እጅጌውን ጠቅልላ፣ በሱ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሾርባውን ትጠጣለች። አጠገቧ አንዲት ትንሽ ልጅ ማንኪያ ይዛ ቆማለች። ወለሉ ደረቅ ነው፤ አንዲት ጠብታ እንኳን አልሣልሽበትም።

ይቅር ካልሽኝ እንደዚያ ጨርሺው። ከተቀየምሽኝም ተቆጪና ጻፊልኝ፤ ዝምታሽን ግን አልችለውም።

ባልሽን ሰላም በዪልኝ። ትንሿን ሳሚልኝ፤ የሣለችውን ሁሉ፣ የሚያስፈራውንም ቢሆን አስቀምጪላት። ባለሱቋና ስልክ ጠጋኙ እንዴት ነሽ ብለውሻል። አክስትሽም ሰላም ብላሻለች፤ የጥርሱን ፊልም ባሳያት «በኔ ጥርስ ነው የቀለዱት» ብላ አኮረፈች።

ፊልሙን የሠራሽበት የአሻንጉሊት ኮት ላይ ቁልፎቹን እንደ ሴት ኮት በግራ በኩል ነው የተከልሻቸው፤ አስተካክዪው። ከአባትሽ ኮት እጅጌ የፈታኋቸውን ሁለት ትንንሽ ቁልፎች ፖስታው ውስጥ አድርጌያለሁ። ኮቱን ግን አልልክልሽም፤ ብርድ ስለሆነ እኔ ለብሼዋለሁ።

እናትሽ
ከስፌት ቤቴ፣ ኅዳር ፲፩ ቀን