ግድግዳ ላይ ስለተገጠመው በራችን

ለተከበሩ የከተማችን የፊት ለፊት ገጽታ ማሳመሪያ ንዑስ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣
ሐይቅ፣ ሰኔ 2014 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ቤተሰብዎ፣ ቢሮዎ፣ የቢሮዎ በርም (እሱ እንደሚከፈት ሰምቻለሁ) ሁሉም ደኅና ይሁኑ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን፤ ከዚህ በታች ከተዘረዘረው በቀር።

በጦርነቱ ኅዳር የቤታችን በርና መስኮቶች ተነቃቅለው መሄዳቸውን ያውቃሉ። ማን እንደወሰዳቸው አልጠይቅም። እንዲህ ያለ ነገር የማይጠይቅ ሰው ዕድሜው ይረዝማል ይባላል። ከዚያ በኋላ እኔና እናቴ ዘይቱና አዲስ በርና መስኮት ልንመርጥ ስንነሳ፣ ኮሚቴዎ ከምርጫ ጭንቀት ስለገላገለን ምስጋናዬ ወደር የለውም። እናቴ የሳንቃ በር ወድዳ ነበር። እኔ ሰማያዊ ቀለም አስቤ ነበር፤ አሁን ሳስበው ለምን ሰማያዊ እንዳልሁ አላውቅም። እርስዎ ግን በለውጡ መንፈስ ከቡናማ ብረትና ከቡናማ ብረት አንዱን እንድንመርጥ ሙሉ ነጻነት ሰጡን። ሦስት ቀን ተመካክረን ቡናማውን መረጥን።

አቤቱታዬን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ አያቴ ቤታችንን ሲሠሩት ፊቱን ወደ ሐይቁ፣ ጀርባውን ወደ መንገዱ አድርገው ነው። አስፋልት እንደሚመጣ፣ አስፋልቱንም ኮሚቴ እንደሚከተለው አለመገመታቸው ጥፋት ነው፤ በስማቸው ይቅርታ እጠይቃለሁ። መመሪያዎ በአስፋልት ዳር ያለ ቤት ሁሉ ወደ አስፋልቱ አንድ በርና ሁለት የመስታወት መስኮት እንዲያሳይ ያዝዛል። አናጢው ከበደ የጀርባውን ግድግዳ መታ መታ አድርጎ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ ከተበሳ ጣሪያው ራሱ ሰላም ሊልህ ይወርዳል» አለኝ። ባለሙያዎ ግን «ዋናው መታየቱ እንጂ መከፈቱ አይደለም» ብለው መፍትሔ ሰጡ። ስለዚህ በሩ ጭቃው ግድግዳ ላይ ተገጠመ። መስኮቶቹም። በመስታወቱና በጭቃው መካከል መጋረጃ ሰቅያለሁ። ለጉብኝት በመጡ ጊዜ መጋረጃውን ስላደነቁልን እናቴ ታመሰግናለች።

ሁለተኛ፦ ለአንድ ቤት የሚፈቀደው አንድ አዲስ በር ብቻ በመሆኑ፣ እውነተኛው መግቢያችን በብርድ ልብስ ተጋርዷል። የሐይቁ ነፋስ መመሪያውን ስላላነበበ እንደፈለገ ይገባል።

ሦስተኛ፦ በእኛ ዘንድ እንደ ብርድ ልብሳችን ያለ ጨርቅ የተጋረደበት መግቢያ የሴቶች ጓዳ ነው፤ ጨዋ ሰው ዞሮ አይመጣበትም። ስለዚህ አዲሱን በር ያየ ጎረቤት ሁሉ የቤቱ ፊት ዞሯል ብሎ ወደዚያ ሄደ። ሦስት ጊዜ ሰላምታ ያቀርባል፤ መልስ ካጣ ደንቡ መመለስ ነውና ይመለሳል። ጎረቤታችን አሪፋ እናቴን መንገድ ላይ አግኝታ፣ «ዘይቱዬ፣ የብረት በር ካስገባሽ ወዲህ ጆሮሽም ብረት ሆነ እንዴ?» አለቻት። ይህን ከሰማሁ ወዲህ ቀን ቀን ከቤት ውስጥ ግድግዳው ሥር ተቀምጬ አዳምጣለሁ። አንድ ቀን ሰላምታ ሰምቼ በጭቃው ውስጥ «ወአለይኩም ሰላም፣ በጓሮ ዙሩ» ብዬ ጮህሁ። ሰላም ያሉት ሰው አልዞሩም፤ ሮጡ። አሁን በሩ ውስጥ የማይወጣ ሰው አለ እየተባለ ይወራል። ወሬው ሙሉ በሙሉ ሐሰት አይመስለኝም።

አራተኛው ቀላል ስለነበር ትቼዋለሁ።

አምስተኛ፦ ረቢያ ሞተች። የእናቴ የልጅነት ጓደኛ ናት፤ ያንን ኅዳር አንድ ምንጣፍ ላይ ተጠጋግተው ያሳለፉት ሁለቱ ናቸው። የቅሬያችን፣ ማለትም የሰፈራችን ቀባሪ ማኅበር፣ ጠሪ ኑርዬ ገና ሳይነጋ፣ እኛ ተኝተን ሳለ መርዶውን ይዞ መጣ፤ ብረቱ በር ላይ ቆሞ ሦስት ጊዜ ተጣራ፤ «ሰምተዋል» ብሎ ሄደ። እኔ ለቁፋሮው፣ እናቴ ለለቅሶው አልደረስንም። በሦስተኛው ቀን ገበያ ላይ ሰማች። በቅሬው ደንብ ተጠርቶ የቀረ ቤት፣ የራሱ ቀን ሲደርስ ቆፋሪ አያገኝም። እናቴ ከዚያ ወዲህ ብርድ ልብሱ አጠገብ ተቀምጣ አንድ ነገር ብቻ ትላለች፦ «እኔንስ ማን ያወጣኛል?» መመሪያዎን ከዳር እስከ ዳር አነበብሁ። ስለመውጣት የሚል የለውም።

ስለዚህ በሩ ተነቅሎ ሰው ወደሚገባበት ቀዳዳ እንዲዛወር በትሕትና እለምናለሁ። መስኮቶቹ ይቆዩ፤ ምንም የማያሳይ መስኮት እንደማይጎዳ ለምደናል። ዓርብ ከጁምዓ በኋላ የቅሬው ሽማግሌዎች በእናቴ ጉዳይ ይቀመጣሉና፣ ከዚያ በፊት ጥፋቱ የእርሷ አለመሆኑን የምትገልጽ አንዲት መስመር ቢጽፉልን ውለታዎ አይረሳንም።

መታየትን ከመከፈት ያስቀደመውን ጥበብዎን አላህ ያቆይልን፤ ሲያንኳኩ የሚከፍት እንጂ ግድግዳ አይስጥዎ እያልሁ፣ ከጭቃው ወዲህ ሆኜ በታላቅ አክብሮት እጅ እነሳለሁ።

ሙንተሲር፣ የአንድ በር ባለንብረት

ተጨማሪ፦ መልስዎን ስንጠብቅ ዓርብ አለፈ። የቅሬው ዳኛ ሸህ ሱሩር መጥተው በሩን በትከሻቸው ገፉት፣ ግድግዳውን ዳሰሱት፣ ጥቂት አሰቡና፣ «ይሄ የዘይቱና በር አይደለም። የተጠራው ያስገጠመው ሰው ነው» ብለው ፈረዱ። እናቴ ነጻ ወጥታ ረቢያ ቤት ለቅሶ ልትደርስ ሄዳለች። ከቀብሩ የቀሩት እርስዎ ተብለው ተመዝግበዋል። ለሚቀጥለው ቀብር ዶማ ይዘው እንዲገኙ ታዝዟል፤ ጥሪው በዚያው በር ይደርስዎታል።