ለወንድ የማይሰጠው ኪኒን
ለመድኃኒት ክፍሉ ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበሩ አቶ ደረጄ
የሰፈራችን ጤና ጣቢያ የመድኃኒት ክፍል ኃላፊ
ሸዋ ሮቢት

አሰላሙ ዐለይኩም እያልኩ፣ ከነመላው ቤተሰብዎ ጤና እንዲበዛልዎ፣ ደምዎ እንደ ተጠረገ የመስኖ ቦይ ያለ እንቅፋት እንዲፈስ፣ በዚህ የግንቦት ሙቀትም የቢሮዎ ማራገቢያ ለአፍታ እንኳ እንዳይቆምብዎ ከልብ እመኛለሁ።

እኔ በገበያው መግቢያ ማሾ የሚባለውን አረንጓዴ ጥራጥሬ የምነግደው ረድዋን እንድሪስ ነኝ። ስሜን ባያስታውሱት፣ የስንት ወር እርጉዝ እንደሆነ የጠየቁት የሃምሳ ስምንት ዓመት ሰው ብልዎ ሳያስታውሱኝ አይቀሩም።

ነገሩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። ታናሽ ወንድሜ ጦይብ በአርባ ዘጠኝ ዓመቱ ሚዛን እንደያዘ ገበያ መሃል ወደቀ፤ ተሸክመን እርስዎ ዘንድ ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ሕይወቱ አልፎ ነበር። የእሱን ደም ማንም አልለካውም። እኔ ግን ባለፈው ጥቅምት ግራ እግሬ አብጦ አዲስ አበባ ስታከም የረጋ ደም ተገኘብኝ፤ ሲመረመርም ሆሞሲስቲን የሚባለው፣ ሲበዛ ደም የሚያረጋ ነገር፣ ከአሥራ አምስት መብለጥ የማይገባው፣ አርባ አንድ ገብቶ ተገኘ። ሐኪሙ የደም ማቅጠኛዬን ሳላቋርጥ ፎሊክ አሲድ የሚባለውን ቫይታሚን በየቀኑ እንድወስድ አዘዘልኝ፤ ቁጥሩን እንደሚያወርደው፣ ለብቻው ግን ከሁሉም ነገር እንደማያድነኝ ሳይደብቅ ነገረኝ። የሁለት ወሩን ጨርሼ ስለካ ወደ አሥራ ሰባት ወርዷል። የቀረውን በአገሬ ጤና ጣቢያ በቀላሉ እንደማገኘው አረጋግጦልኝ ሸኘኝ። ምስኪን፣ እርስዎን አያውቅዎትም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በየተራ ላቅርብ።

፩. ከጀርባዎ ባለው መደርደሪያ ላይ ሦስት ብልቃጥ ፎሊክ አሲድ በዓይኔ እያየሁ፣ ኪኒኑ ለነፍሰ ጡር ብቻ እንደሚሰጥ ስላስረዱኝ አመሰግናለሁ። የሐኪሙን ማዘዣ ለማንበብ ሳይደክሙ መዝገቡን ገልጠው «የእርግዝና ወር» የሚለውን ዓምድ በጣትዎ አሳይተውኛል፤ ዓምዱ ባዶ ከቀረ ሪፖርቱ እንደሚበላሽም ነግረውኛል። የእኔ ደም ሲበላሽ ለማን ሪፖርት እንደሚደረግ ግን ሳይነግሩኝ ቀሩ።

፪. ቫይታሚኑ ማሾ ውስጥም አለ ብለው፣ በኪኒኑ ፈንታ ማሾ እንድበላ ስለመከሩኝ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ማሾ ስገዛና ስሸጥ፣ እንደ አገሬው ሰው ሁሉ የሚሸጥ እንጂ የሚበላ ነገር አድርጌ አላየሁትም ነበር። ባለቤቴ ሰሊማ ለአንድ ወር ሙሉ ጠዋት ማታ ስትቀቅልልኝ ከርማለች፤ ጎረቤትም ረድዋን ከስሮ የሸቀጡን ትራፊ መብላት ጀመረ እያለ አዝኖልናል። ምግቡ ጥሩ ነው፣ አልጠላሁትም። ሐኪሙ ያዘዘው ግን ኪኒን ነበር።

፫. ኪኒኑ እንደሚያስፈልገኝ የሚያረጋግጥ ደብዳቤ ከቀበሌ እንዳመጣ ስላዘዙኝም አመሰግናለሁ። የቀበሌው ጸሐፊ ወይዘሮ ሰብለ ስለ ሆሞሲስቲን ምን ብላ እንደምታረጋግጥ ግራ ቢገባት የምታውቀውን ብቻ ጻፈች፤ «አቶ ረድዋን እንድሪስ የቀበሌያችን ነዋሪና ወንድ መሆናቸውን እናረጋግጣለን»። እርስዎም በጥሞና አነበቡትና፣ «ይኸው ወንድ መሆንዎ በማኅተም ተረጋግጧል፣ ከእንግዲህ ምን ልርዳዎት» ብለው ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አስገቡት። ሃምሳ ስምንት ዓመት ያለ ማስረጃ ስኖርበት የነበረውን ጉዳይ ሕጋዊ ስላደረጉልኝ ውለታዎን አልረሳም።

፬. ሻይ የሚነግዱት እትዬ ውባለም፣ ስድሳ ስድስት ዓመታቸው፣ ለደም ማነሳቸው ያንኑ ኪኒን ታዝዞላቸው ቢመጡ እሳቸውንም መልሰዋቸዋል። የእርስዎን መዝገብ ለማሳመር ሲሉ በዚህ ዕድሜያቸው እንደማያረግዙ በሰልፈኛው ፊት የነገሩዎት እሳቸው ናቸው። እኔ እንኳን ይህን ያህል አልደፈርኩም ነበር።

፭. እዚህ ላይ ቀልዱ ያልቅብኛል። የልጄ የኢልያስ ባለቤት ሲሃም የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ናት፤ እርስዎ ዘንድ ፎሊክ አሲድ ከብረት ጋር የተቀላቀለበትን ቀዩን ኪኒን ትወስዳለች። ትወስዳለች ብዬ ነበር የማስበው። ከሦስት ሳምንት በፊት አሥራ አንድ ኪኒን በመሃረቧ ጫፍ ቋጥራ አመጣችልኝና፣ «አባ፣ አንቱ ከወደቁ ቤቱ አብሮ ይወድቃል፣ ዋጡልኝ» አለችኝ። ጮኽኩባት። አንዱን እዚያው ፊቴ እንድትውጥ፣ ሁለተኛም ሳታቋርጥ እንድትወስድ አስማልኳት። አለቀሰች፤ እኔም ወጥቼ ግቢው ውስጥ ብቻዬን አለቀስኩ። መጮኽ የነበረብኝ እሷ ላይ አልነበረም። በአንድ ቤት ውስጥ ያልተወለደው ሕፃን ይቅደም ወይስ አያቱ ብላ አንዲት ልጅ እንድትመርጥ ያደረጓት እርስዎ ነዎት፣ ይህንንም ይቅር አልልዎትም።

ደብረ ብርሃን ሄጄ እንድፈልግም መክረውኝ ነበር። ረጅም መንገድ እግሬን አጥፌ እንዳልቀመጥ ሐኪሙ ከልክሎኛል፤ ለአንድ ሾፌር አደራ ሰጥቻለሁ፣ እስካሁን አልቀናውም። ቢያመጣልኝም እንኳ የጀመርኩትን አልተውም።

የጀመርኩትም ይህ ነው። ሰኞ የነፍሰ ጡሮች ቀን ስለሆነ ካለፈው ሰኞ ጀምሮ ከእነሱ ጋር ተሰልፌያለሁ። እህቶቼ ከጥላው ሥር ቦታ ለቀቁልኝ፤ አንዷ ስንት ወርዎ ነው ብትለኝ ሰባተኛዬን ይዣለሁ አልኳት፣ ከጥቅምት ወዲህ ያለው በትክክል እሱ ነው። በመጪው ሰኞ እትዬ ውባለምም መቀመጫ ዱካቸውን ይዘው ይመጣሉ። ብልቃጦቹ ላይ ያነበብኩት የአገልግሎት ማብቂያ ቀን ሰኔ ሠላሳ ነው፤ እስከዚያ በየሰኞው ተራዬን ጠብቄ ማዘዣዬን እዘረጋለሁ፣ እርስዎም በየሰኞው በዚያ ሁሉ ሰው ፊት አይሆንም ይሉኛል። ማን ቀድሞ እንደሚሰለቸው እናያለን።

ለመዝገብዎ ንጽሕና ያለኝን የማይናወጥ አክብሮት ደግሜ እየገለጽኩ፣ ዘወትር ከደጅዎ የማልጠፋው፣ ወንድነቴ በቀበሌ ማኅተም የጸናው፣

ረድዋን እንድሪስ
የማሾ ነጋዴ

ማስታወሻ፦ ጤና ጣቢያው ውስጥ የወንድ ስም፣ ያለ ምንም የቀበሌ ደብዳቤ፣ የሚጻፍበት አንድ መዝገብ እንዳለ አውቃለሁ፤ ወንድሜን ጦይብን ያለ አንድ ጥያቄ፣ በአምስት ደቂቃ ውስጥ መዝግባችሁታል። ሟች ከተባለበት ሰዓት በቀር ሌላው ዓምድ ሁሉ ባዶ ቢቀርም ያሳሰበው ሰው አልነበረም። እዚያ ተራ እንዳልይዝ ነው በእርስዎ በር የተሰለፍኩት።