ከጊዮርጊስ በታች፣ ከምንጩ በላይ

ረቡዕ

ገፈርሳም አልሆነም። ግድቡን ዞርነው፣ ባሕር ዛፉ ውስጥ ገብተን ወጣን። የአባዬ ጫማ ጭቃ በጭቃ ሆነ፤ የኔማ አይወራም። ትናንት ተጂ፣ ዛሬ ገፈርሳ። ድሮ ውጊያ የነበረበትን ሜዳ ሁሉ እየዞርን ነው፤ አያቴ የወደቀበትን የሚያሳየን ግን ጠፋ።

ያለን ምልክት አንድ ነው። አያቴ በጣሊያን ጊዜ እየተዋጋ ሲሞት አባዬ ገና በእናቱ ሆድ ነበር። ሰበታ ያሳደገችው እናቱ "ከጊዮርጊስ በታች፣ ከምንጩ በላይ" ብላ ነገረችው። የቱ ጊዮርጊስ እንደሆነ ወይ አልነገረችውም፣ ወይ ልጅ ስለነበር ረስቶታል። በአዲስ አበባ ዙሪያ ደግሞ ጊዮርጊስ የሌለበት የት አለ?

ወንድሜ ሰሎሞን ቪትዙን ይነዳል፣ ስልኩ ላይ ካርታ ያያል፣ ያማርራል። እኔ ሰበታ ያለችውን የጽሕፈት መሣሪያ ሱቄን ዘግቼ ከኋላ ተቀምጫለሁ። የሚያስቸኩለን የአባዬ ዓይን ነው። ሐኪሙ ግራው አብቅቶለታል፣ ቀኙም ብዙ አይቆይም ብሎናል። አባዬ ስለ ዓይኑ አንዴ ብቻ ነው ያወራው። "ሳይጨልምብኝ አባቴ የወደቀበትን ልየው።"

ሐሙስ

ሱሉልታ። ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ጊዮርጊስ አገኘን። ከበታቹ ያለው ግን የታጠረ መጋዘን ነው፤ ምንጭ የሚባል ነገር የለም። አባዬ ግንቡን ተደግፎ ቆመ። አንጀቴን በላው። ሰሎሞን በቃ እንመለስ፣ ቦታው ቢገኝስ ምን ሊያደርግልን ነው ሲል ጮህኩበት። በአባዬ ፊት መጮሄ እስካሁን ያሳፍረኛል።

ለነገ፦ የዓይን ጠብታ መግዛት። ደብተር ላዘዙኝ ሰዎች መደወል። ሰሎሞንን ይቅርታ መጠየቅ (መጀመሪያ እሱ ይጠይቀኝ እንደሆነ ልይ)።

ዓርብ

እኔው ጠየቅሁ። ሳቀብኝ።

አባዬ ያንን ጊዮርጊስ ትናንት በወጉ ሳልሳለመው መጣሁ ብሎ ስለሞገተን ተመልሰን ሄድን። ተሳልሞ ሲጨርስ ደጀ ሰላሙ ላይ ከተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ጋር ወሬ ጀመረ። ሽማግሌው ይኼኛው አዲሱ ነው አሉት። የድሮው ከወንዙ ማዶ ነበር፤ በጣሊያን ጊዜ ሲቃጠል ታቦቱን ይዘው ሸሹ፣ ኋላ እዚህ ተሠራ።

እኛ አራት ቀን ሙሉ ጊዮርጊስ የት ነው እያልን ስንጠይቅ፣ ያኔ የት ነበር ያለ የለም። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ የሚባለው ለኛ ነው። መሽቶ ስለነበር ለነገ አሳደርነው። አባዬ እራቱን ጨርሶ በላ፤ ከሰኞ ወዲህ የመጀመሪያው ነው።

ቅዳሜ

ማዶ ያለውን መሬት የሚያርሱት ኦቦ ጉደታ የሚባሉ ገበሬ ናቸው። ለአባዬ "አከም ጅርቱ" ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጥተው እጁን በሁለት እጃቸው ያዙት። የድሮውን ጊዮርጊስ መሠረት አሳዩን፣ ቀጥሎ ምንጩን። ከምንጩ በላይ፣ ከገብሱ መሀል፣ ያልታረሰች ቁራሽ መሬት አለች። ድንጋይና ቀጋ ብቻ።

"አያቴ ከሥር ሰዎች አሉ፣ እንዳትነኩ ብሎ አዟል" አሉ ኦቦ ጉደታ። "አባቴ ዙሪያዋን አርሶ ያልፍ ነበር። እኔም እንዲያው። በሬዎቹ ራሳቸው ለምደዋል።"

እነማን እንደሆኑ ግን አያውቁም። የተጻፈ ነገር የለም። ሰሎሞን ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ከዚያ ኦቦ ጉደታ እንደ ዋዛ አንድ ነገር ጨመሩ። ጣሊያን እንደወጣ ልጅ ያዘለች ሴት ከሰበታ መጥታ እዚህ ስታለቅስ ዋለች ይባላል። ልጁ ሲርበው የኦቦ ጉደታ አያት ወተት አጠጥታዋለች።

አባዬ ቀጋው ሥር ተቀመጠ። መሬቷን በቀኝ ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር አያት።

"ለካ መጥቼ ነበር" አለ።

የኦቦ ጉደታ ባለቤት ሳትጠየቅ ወተት ይዛ መጣች። አባዬ እስከ መጨረሻው ጠጣው። እኔና ሰሎሞን መተያየት አልቻልንም።

እሁድ

ያ የታዘለው ልጅ አባዬ ለመሆኑ ማን ይመሰክራል? ከሰበታ ባሏን ፍለጋ የወጣች ሴት እሷ ብቻ አትሆንም። ሰሎሞን ይህን ሊል ሲጀምር ዓይኔን አፈጠጥኩበት። ዛሬ አልጮህኩም።

እኔ ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። ገብስ ሊዘሩባት ሲችሉ፣ ስማቸውን ለማያውቋቸው ሰዎች ብለው ሦስት ትውልድ ሙሉ አልነኳትም። እግዜር ይስጥልኝ ብዬ ነው የመጣሁት፤ እሱም አነሰብኝ።

ጠዋት ጠብታውን ስጨምርለት አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። አመመህ እንዴ አልኩት።

"አይ" አለ። "ስጨፍንም መሬቷ ትታየኝ እንደሆነ እየሞከርኩ ነው።"

ታየችህ ወይ ብዬ ለመጠየቅ ፈራሁ። ፊቱ ላይ ግን ፈገግታ ነበር።