ከስምሽ አጠገብ ያለው ዜሮ

ራሽት ሸለቆ፣ ኤፕሪል 22

ለዓይኔ ብርሃን ለሞሂራ፣

እንዴት ነሽልኝ? አማትሽስ ደህና ናቸው? እናንተ ያላችሁበት ኩሎብ አሁን ሞቋል አሉ፤ እዚህ ገና አሁን በረዶው ቀልጦ መንገዱ መከፈቱ ነው። አባትሽ የአፕሪኮቱን ዛፍ ቅርንጫፍ ሲቆርጥ ወገቡን ይዞት ሁለት ቀን ተኛ። ዛሬ መነጫነጭ ስለጀመረ ድኗል ማለት ነው።

ዙሪያ ጥምጥም አልወድም፣ ታውቂኛለሽ። ወደ ነገሬ ልግባ።

ተድረሽ ከሄድሽ ወዲህ የክፍል ቡድንሽ ዱዳ ሆኗል። ሦስቱ ልጆች ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጠው አንድ መስመር ይጽፋሉ፣ ሁለት ያጠፋሉ። ማክሰኞ ዕለት ደሜ ፈላ። «ስለ መንደራችን ውኃ ሃያ ገጽ የጻፋችሁ ልጆች ዛሬ ምን ነካችሁ? እጃችሁ ታሰረ?» ብዬ ጮህኩባቸው።

ፊሩዝ መቼም ሳይቀልድ አይውልም፤ «እጃችንማ አለ፣ መምህርት። ጭንቅላታችን ነው የተዳረው» አለ። ማንም አልሳቀም። ኦዞዳ ግን ለቅሶዋን ለቀቀችው።

«የምትነግረን እኮ ሞሂራ ነበረች! ከኋላችን ቆማ ትጠይቀናለች፣ ታከራክረናለች፣ ከዚያ ‹በይ አንቺ ጻፊው› ትለኛለች። ከሌላ መንደር ስለመጣሁ እንዳላፍር ብላ ወንበሯን የለቀቀችልኝ እሷ ናት።»

ጥፋቴ ያኔ ገባኝ። ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው እያንዳንዱ በስሙ የጻፈውን ብቻ ነው፤ የተናገረውን አይሰማም። ያን የውኃውን ጽሑፍ ሳርም ከስምሽ አጠገብ ዜሮ አየሁና ዜሮ ሰጠሁሽ። እንግዳ ሲመጣ ወንበር ልቀቂ ብዬ ያሳደግሁሽ እኔ፣ ወንበር በመልቀቅሽ ቀጣሁሽ። ሌላ ተማሪ ቢሆን ጠርቼ እጠይቀው ነበር። አንቺን ግን «ለልጇ አደላች» እንዳይሉኝ ፈርቼ አንዲት ቃል ሳልጠይቅሽ ቀረሁ። ሰው ምን ይለኛል ስል ልጄን በላሁ።

አባትሽም ሌላ ምክንያት አልፈለገም። «እናቷ እንኳ ዜሮ የሰጠቻት ልጅ፣ ትምህርት ምን ያደርግላታል?» ብሎ ሽማግሌዎቹን እሺ አላቸው። የእጮኝነቱን ዳቦ ሲቆርሱ እዚያው ተቀምጬ ሻይ እቀዳ ነበር። ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ቃል እንደማይመለስ እያወቅሁ አፌን ያዝኩ። ልትጨርሺ እኮ አራት ወር ነበር የቀረሽ!

ውጤትሽን አስተካክያለሁ። ክፍሉ ፊት ቆሜም ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። ርዕሰ መምህሩ «ለተዳረች ልጅ ማርክ ምን ይሠራላታል?» አሉኝ። እኔ ግን ለጁኑ የማጠናቀቂያ ፈተና ስምሽን አስመዝግቤአለሁ። አባትሽን አስፈቀድኩት ብል ውሸት ነው፤ ጮኼበት ወደ ጓሮ ወጣ። አርብ በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ። አማትሽን እለምናለሁ፣ እግራቸው ላይ ውደቂ ካሉኝም እወድቃለሁ። አንቺ ብቻ እሺ በይኝ።

እሺ እንደምትይኝ ግን እርግጠኛ አይደለሁም። ለናቭሩዝ፣ ለአዲስ ዓመታችን በዓል ስደውልልሽ «ደህና ነኝ፣ መምህርት» ብለሽ ዘጋሽው። ትምህርት ቤት ውስጥ እንዲያ እንድትጠሪኝ ያዘዝኩሽ እኔው ነኝ። ቤት ግን እማዬ ነበር የምትይኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ እንቅልፍ የለኝም፣ ልጄ።

አላህ ጤናሽን አያጓድልብሽ፤ የምትገቢበትም የምትወጪበትም በር የሰላም ይሁንልሽ።

አሁንም ከፈቀድሽልኝ፣
እናትሽ ሳዮራ